በጉሙ ውስጥ አቤት ያለችው

ስልኩ ሲጮኽ ለእሑድ ቅዳሴ ነጠላዬን እየተኮስኩ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ብዙም አልቆየም፤ ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ያለው ቤቴ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶም ይሞቃል። የደወለችው ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ የምትኖረው ጓደኛዬ ነበረች። እሷ ስትደውል ከሰላምታ በፊት ቀልድ ታስቀድማለች። ያን ቀን ግን ያስቀደመችው «አትደንግጪ» የሚል ነበር። አትደንግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም።

«እትዬ ጠፍተውብናል» አለችኝ። «ተራራው ላይ ነን። ጉም ዋጠንና ዞር ስንል የሉም።»

ካውያውን አቁሜ ነቀልኩት።

«ግን ደህና ናቸው» ብላ ቀጠለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ይሰሙናል። ስንጠራቸው አቤት ይላሉ። ድምፃቸውን እየተከተልን ነው፤ አሁን እንደርስባቸዋለን።»

እውነቱን ልናገር፤ ጠፉ ስትለኝ ያን ያህል አልደነገጥኩም። ሰው ይጠፋል፣ ይገኛልም። ሰውነቴን ውርር ያደረገኝ «አቤት ይላሉ» ያለችው ነው።

እትዬ የልጄ የክርስትና እናት ናቸው፤ አበልጄ። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ረገንስዶርፍ ውስጥ፣ ከዙሪክ ወጣ ብሎ ካሉት ረጃጅም ኪራይ ቤቶች በአንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ያለሁት ጄኔቫ ነው፤ ልጄ እሳቸውን ስለምትወድ በዓል በመጣ ቁጥር በባቡር እንሄዳለን። እና እሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ እትዬ ፊቱን ላላዩት ሰው አቤት አይሉም። ከወጥ ቤት ብትጠሯቸው ሥራቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን እያደራረቁ መጥተው፣ ፊታችሁ ቆመው፣ ያን ጊዜ ነው አቤት የሚሉት። የታችኛው በር ደወል ሲደወል በመነጋገሪያው አይመልሱም፤ ደረጃውን ወርደው በመስታወቱ አይተው ይከፍታሉ። ፖስተኛው እንኳ ለምዶታል፤ ደውሎ ቆሞ ይጠብቃል። ልጄ ትንሽ ሳለች «የጠራሽን ሳታይ አቤት አትበይ፤ ድምፅ ብቻውን ሰው አይደለም» ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እኛም በልጅነታችን የሰማነው ነው፤ በጨለማ፣ በጫካ፣ በገደል አፍ ስምህ ቢጠራ በስመ አብ በል እንጂ አትመልስ። አብዛኞቻችን አገር ስንለቅ አብረን ጥለነዋል። እሳቸው አልጣሉትም።

«እሳቸው አይደሉም» አልኳት።

«ምን?»

«አቤት የሚሉት እትዬ አይደሉም። አትከተሉት።»

«አንቺ ጤና የለሽም እንዴ? በጆሮዬ እየሰማሁ! ሁላችንም እየሰማን! ጄኔቫ ቁጭ ብለሽ ነው የእትዬን ድምፅ የምትነግሪኝ?»

«እትዬ በጉም ውስጥ ለጠራቸው ሰው አቤት ይላሉ? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።»

ከኋላዋ ሌሎቹ ሴቶች ይሰሙኛል። አንዷ ታለቅሳለች፤ አንዷ የእትዬን ስም እየጎተተች ትጣራለች። ከጥሪው በኋላ የሚመጣውን ልሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ የማውቀው ከነበሩት ሰምቼ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሰማሁት አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ይህ የእግር ጉዞ የተጀመረው በሐኪም ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል። ስኳር ያለባትም፣ ጉልበቷን የሚያማትም፣ እንቅልፍ እምቢ ያላትም፣ እዚህ አገር የሚታዘዝላት አንድ ነገር ነው፤ ተራመጂ። የዲቤንዶርፏ ጓደኛዬ «እንግዲያው አብረን እንራመድ» አለችና የዙሪክና የጄኔቫ ሴቶችን ሰበሰበች። መጀመሪያ ሐይቅ ዳር ነበር፤ ቀጥሎ ኮረብታ ሆነ፤ በኋላ ሴቶቹ ጫማውንም ዱላውንም ገዝተው ዋነኛ ተራራ ወጪ ሆኑ። አብዛኞቹ የተዋሕዶ ልጆች ናቸው። አንዲት ጴንጤም አለች፤ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የምትሠራ፣ ከሁሉም ሳቂታዋ። እኔም ብዙ ጊዜ እሄዳለሁ፤ ያን ቅዳሜ ግን ከአረጋውያን ቤቱ የሌሊት ተራ ወጥቼ ስለነበር ቀረሁ።

የዚያ ቀኑ መንገድ ዙር ነው። አንድ ጎድጓዳ ሸለቆ አለ፣ እንደ ገበታ፤ በጠርዙ ላይ አራት ጫፎች ተሰልፈዋል። ከቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ወርዳችሁ በአንዱ ወገን ትወጣላችሁ፣ አራቱን በጠርዙ እየተሻገራችሁ ትዞራላችሁ፣ በሌላው ወገን ወርዳችሁ እዚያው አውቶቡስ ማቆሚያ ትመጣላችሁ። ጫፎቹ የየራሳቸው የጀርመንኛ ስም አላቸው፤ ሴቶቹ ግን አይጠሯቸውም። የመጀመሪያው «ወይ ጉልበቴ» ነው። ሁለተኛው ሐይቁን ስለሚያሳይ «ሰገነት» ነው። አራተኛው «ተመስገን» ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ብቻ ስለሆነ። ሦስተኛው «መላጣው» ይባላል። በሌሎቹ አናት ላይ የአገሬው ሰዎች ትልልቅ መስቀል ተክለዋል፤ በመላጣው አናት ላይ የተቆለለ ድንጋይ እንጂ ሌላ የለም።

ጠዋት ከአውቶቡሱ እንደወረዱ መሪያቸው፣ ያቺው የዲቤንዶርፏ፣ «ዛሬ መጥፋት የሚባል ነገር የለም» ብላ ነበር አሉ። «ዙር ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው።»

እትዬ ጫማቸውን እያጠበቁ «ኖሮ ኖሮ ከመሬት የሚለውንስ የት አደረግሽው?» አሏት። ሁሉም ሳቁ።

መስቀል ያለበት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ስዊሶቹ ለፎቶ ይቆማሉ፤ የእኛዎቹ ይሳለማሉ። ወይ ጉልበቴ ላይ እትዬ ነጠላቸውን ከቦርሳ አውጥተው ተከናንበው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ሲሳለሙ ጴንጤዋ «እንጨት ነው እኮ እትዬ!» አለች።

«አንቺም አንድ ቀን ትሳለሚዋለሽ።»

«ጉልበቴ ካመመኝ እደገፈዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አይጣሉብኝ።»

«መደገፍሽም አንድ ነገር ነው» አሏት።

መላጣው ላይ የሚሳለሙት አልነበረም። እትዬ «እናንተ ሂዱ፤ አባታችን ሆይ ደግሜ እደርሳለሁ» አሉ። ሴቶቹ ቀስ እያሉ ወደ ፊት አለፉ። ያን ጊዜ ነው ጉሙ የመጣው። ጉም ከሰማይ ይወርዳል ብለን እናስባለን፤ ያኛው ግን ከታች ነው የወጣው፤ ከገበታው ውስጥ፣ እንደ ወተት ገንፍሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ። የሸለቆው ላሞች ቃጭል ከመቅጽበት ጸጥ አለ ይላሉ። አንዷ እጇን ዘርግታ ጣቷን ማየት አቃታት። ቆመው ጠበቁ። እትዬ አልመጡም። እየተያያዙ ወደ ድንጋዩ ክምር ተመለሱ። እዚያ ማንም የለም።

ጠሩ። ምንም። እንደገና ጠሩ።

«አቤት።»

ቀጭን፣ ትሑት፣ ከወዲያ ማዶ፤ እንደ ታዛዥ ሴት። ሁሉም ሰምተዋል። መሪያቸው «መጣን! ከዚያ አይንቀሳቀሱ!» ብላ ጮኸች። ሄዱ። ጠሩ። «አቤት።» ከቅድሙ ራቅ ብሏል። «ይቁሙ እንጂ እትዬ! ለምን ይሄዳሉ?» እንደገና ጠሩ፤ እንደገና አቤት፤ ዝቅ ካለ ቦታ።

ይህን ሲነግሩኝ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ሌላ ምን አለ? ሰው ሲጠፋ እዚህ ነኝ ይላል፤ ቶሎ ኑ ይላል፤ እግሬን ይላል፤ ሲብስበት ይራገማል። ሁሉም ተያዩ። አቤት ብቻ ነበር። ከአቤት ሌላ ቃል አልወጣውም።

ከእኔ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ መሪያቸው መራመዷን አቁማ ነበር። ሌሎቹም ቆሙ። ከሴቶቹ የአንዷ እግር አንድ ድንጋይ ገፋ፤ ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ነጠረና ጠፋ። የወደቀበትን አልሰሙም። ከዚያ ወዲያ እዚያው ባሉበት ቁጭ አሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ጉሙ ሲሳሳ ከመሪያቸው ጫማ ፊት ለፊት መሬት አልነበረም። እኔ አዳንኳቸው ማለቴ አይደለም፤ የእያንዳንዳቸው ጠባቂ መልአክ ያውቃል።

እትዬን ያገኛቸው በበጋ እዚያ ከብት የሚጠብቅ ሰውዬ ነው፤ ይልቁንም ውሻው። ከመላጣው በታች፣ ሴቶቹ ከሄዱበት በተቃራኒው ወገን፣ አለት ተደግፈው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ውሻው መጥቶ እጃቸውን አሸተተ፤ ቀጥሎ ሰውዬው ከጉሙ ወጥቶ ፊታቸው ቆመና «ግሩዔትሲ» አላቸው። እሳቸውም ፊቱን አይተው «ግሩዔትሲ» አሉት። ሰላምታ ተሰጣጥተው ተነሡ፤ ገበያ ላይ እንደተገናኙ ሰዎች። ሰውዬው በኋላ ለሴቶቹ እንደነገራቸው ጥሪውንም መልሱንም ከታች ሆኖ ሲሰማ ቆይቷል። ቋንቋውን አያውቅም፤ ግን የምትመልሰው እየሄደች እንደነበር ያውቃል። ወደ ገደሉ ነበር የምትሄደው።

ሰኞ ረገንስዶርፍ ሄድኩ። መለዋወጫ ቁልፋቸው እኔ ዘንድ ስለሆነ ከፍቼ ገባሁ። እትዬ መስኮቱ ዳር ተቀምጠዋል፣ ጋቢ ለብሰው። እንደ ልማዳቸው ፊታቸው ሄጄ ቆምኩና ስማቸውን ጠራሁ።

አቤት አላሉኝም። «ደረስሽ?» አሉኝ።

ከሳቸው ዘንድ ወዲያው ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው፤ ስለ ልጄ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ባቡሩ ተጠየቅኩ። በመጨረሻ ግን አላስቻለኝም።

«ሲጠሩዎት ሰምተው ነበር?»

«አልደነቆርኩ።»

«ዝም አሉ?»

«አንቺ ብትሆኚ ትመልሺ ነበር?»

ወንበር ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ሲመለስልኝም ሰማሁ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «በጉሙ መንገዱን ስቼ ወደ ታች ወርጄ ነበር፤ መጀመሪያ ሲጠሩኝ በስመ አብ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ያቺ ልጅ ማልቀሷን ስሰማ አንጀቴ አልቻለም። ጉምም ቢሆን፣ ልማድም ቢቀር፣ ልመልስላቸው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ተቀደምኩ።»

«በማን ድምፅ?»

«በኔ ነው አሏችሁ አይደል? እኔ ድምፄን ከውጭ ሰምቼው አላውቅም፤ በምን ልለየው?» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልመልስ? ሁለት ሰው በአንድ ስም አቤት ይላል?»

እንደ ተረት ብሰማው ደስ ባለኝ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ስማቸው ሲጠራ አይነሡም። ስልክ አያነሡም። ስኳራቸውን ለማየት ጠዋት ጠዋት የምትመጣው ነርስ ደወሉን ደውላ፣ በሩን አንኳኩታ፣ ስማቸውን እየጠራች ትቆማለች፤ እሳቸው ከበሩ ወዲህ ሁሉን እየሰሙ ይቀመጣሉ። ድሮ ቢያንስ ወርደው ፊቷን ያዩ ነበር። «ስሜን ስትጠራ እኔን ትሁን ያንን ትሁን በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያንም ቀርተዋል። ነርሷ ደጋግማ ተመልሳ ሄደች፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች፣ እነሱ ገማይንደ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ሁለት ሆነው መጡ። በትሕትና ተናገሩ፤ ሲጠሩ የማይመልሱ፣ በር የማይከፍቱ፣ መርፌያቸው የሚቀርባቸው ሴት ብቻቸውን ሊኖሩ አይችሉም። ከገና በፊት ተመልሰው ያያሉ። ካልተለወጠ ቤታቸውን ለቀው የአረጋውያን ቤት ይገባሉ።

እኔ የምሠራው እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ጥሩ ቤት ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ምግቡም ደህና ነው። ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ከበር ውጭ ቆሞ ስም መጥራት ነው። እትዬን እዚያ አልጋ ላይ፣ ፊት የሌለው ድምፅ ከኮሪደሩ ሲጠራቸው፣ አስቤ መጨረስ አልቻልኩም።

ልጄ ነገሩን ስትሰማ «ማማን፣ ኤኮ ነው፣ ሴ ቱ!» አለችኝ፤ የገደል ማሚቶ ነው፣ በቃ ማለቷ ነው። ለእሷ እዚያው አለቀ። የገደል ማሚቶን እኔም አውቃታለሁ። ማሚቶ የሰጠኸውን ነው የምትመልስልህ፤ ስም ብትጠራ ስም ትመልሳለች። ብትጠሯት አቤት አትልም።

ለንስሓ አባቴ ነገርኳቸው። የሚያስፈራ ነገር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን «የሰው ሥራ መሆኑን ሳታጣሪ የሌላ አታድርጊው» አሉኝ። «ሰይጣን ያልሠራውን ሁሉ ስንሰጠው ደስ ይለዋል።» ይህ ምክር ነው ወደ ተራራው የወሰደኝ።

በጥቅምት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከዲቤንዶርፏ ጓደኛዬና ከጴንጤዋ ጋር ዙሩን ዞርኩ። ያ ቢጫ የመንገድ ምልክት፣ ርቀቱን በእግር ሰዓት የሚናገረው፣ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ጀምሮ ይቀበላችኋል። ወይ ጉልበቴ ላይ ተሳለምኩ። ጴንጤዋ መስቀሉን ተደገፈች፤ ፈገግ ብላ አየችኝ። ሰገነት ላይ ዳቦ በላን። ሳሩ ቢጫ ሆኗል፤ ከብቶቹ ወደ ታች ወርደዋል፤ ከነፋስ በቀር የሚሰማ የለም። መንገዱ የሚያስፈራ አይደለም። ያ ነው የሚያስፈራው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚኬድበት መንገድ ነው።

ወደ መላጣው በሚያወጣው ኮርቻ ላይ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ባለው ዝቅታ፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሁለቱ ከፊቴ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ዱላቸው ቋ ቋ እያለ ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ ስሜ ተጠራ።

ከኋላዬ ነው። አንድ ጊዜ ነው። እየተጣራ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ፣ ከሚቀጥለው ክፍል እንደሚጠራ የቤት ሰው። በሙሉ ስሜ፤ እዚህ አገር ማንም በማይጠራኝ በሙሉ ስሜ። ዞር አልኩ። የመጣንበት መንገድ ባዶ ነው፤ እስከ ሰገነት ድረስ ይታያል፤ አንድም ሰው የለበትም።

አቤት አላልኩም። ግን ልጻፈው እንጂ፤ አፌ ላይ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ነው የያዝኩት። ያስፈራኝ ጥሪው አልነበረም፤ ምላሴ ነው ያስፈራኝ። ሳላዘው ተነሥቶ ነበር። ለካ እኛን ያሳደጉን ሁለት ነገር አስተምረውናል። የማታየው ሲጠራህ አትመልስ ብለዋል፤ ግን ከዚያ በፊት፣ ገና አፋችን ሳይፈታ፣ ሲጠሩህ ቶሎ አቤት በል ብለው ነው የጀመሩት። አቤት ያላለ ልጅ ባለጌ ነው። ጥፊውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደክሞት፣ ፈርቶ፣ በጉም ውስጥ ታውሮ የቆመ ሰው፣ የእሱ ያልሆነ ስም እንኳ ሲጠራ አፉ ብቻውን አቤት ቢልስ?

መላጣው ላይ ስንደርስ ይህን ነገርኳቸው፤ የተጠራሁትን ግን አልነገርኳቸውም።

«ታዲያ ከፊታችን፣ ከታች ነው የሰማነው» አለች የዲቤንዶርፏ። «ከመካከላችን አንዷ ብትል ከጎኔ አልሰማም?»

ጴንጤዋ ወዲያ ማዶ እንደ ግድግዳ የቆመውን አለት ስታይ ቆየች። «ቆዩ» አለችና ወደ ኋላ ተመልሳ ከክምሩ ጀርባ ቆመች። ያን ቀን የሰልፉ መጨረሻ የነበረበት ነው።

«አንቺ፣ ተይ!» አልኳት።

«እኔ ጌታን የያዝኩ ነኝ፤ ማንን ልፈራ?» አለችና ወደ ሸለቆው ዞራ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሰው ፊት እንደቆመች፣ «አቤት» አለች።

ከጎናችን እምብዛም አልተሰማም፤ ነፋሱ ወሰደው። ከዚያ ከፊታችን፣ ከገደሉ ውስጥ፣ ከታች፣ ተመለሰ። ቀጭን። ትሑት። የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ያለችው እሷ መሆኗን በዓይኔ እያየሁ የእሷ መሆኑን መማል አልችልም ነበር።

የዲቤንዶርፏ ጓደኛዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ይመስላል» አለች። ግድግዳውን እያየች፣ «በጣም ይመስላል» አለች። እንድገመው ያለ ማንም የለም። ጴንጤዋም ተመልሳ መጥታ እጄን ያዘች። ተመስገንን ተሻግረን አውቶቡሱ ጋ እስክንደርስ ስለ ሌላ ነገር ብቻ አወራን።

በማግስቱ ረገንስዶርፍ ሄጄ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮርቻው ላይ የተጠራሁትንም ነገርኳቸው፤ ለሳቸው መደበቅ አይቻልም። ስለሱ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ስለ ግድግዳው ስነግራቸው ግን ከመስኮቱ ዞረው አዩኝ። ከነሐሴ ወዲህ እንደዚያ ሲያዩኝ የመጀመሪያ ነበር።

«እንግዲህ ከሴቶቹ አንዷ ናት ነው የምትዪው።»

«ልትሆን ትችላለች ነው የምለው፣ እትዬ።»

«ትችላለች ለኔ አይበቃኝም» አሉ። «ትምጣና ፊቷን ልየው። እኔ ነኝ ትበለኝ። እሷ ከሆነች ስሜ የኔ ነው ማለት ነው፤ ማንም ሲጠራኝ እነሣለሁ። አልቆጣትም። ምን ብዬ እቆጣታለሁ? እኔ አፌን ከፍቼ የዘገየሁበትን ነው የፈጸመችልኝ።»

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው የቆመው። ለእያንዳንዷ ደወልኩ። ጄኔቫ ያሉትን በአካል አገኘኋቸው። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አሉኝ፤ ሁሉም ደግሞ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው ያሉት። አልፈርድም። አቤት ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ሌሎቹን ወደ ገደል የመራሁት እኔ ነኝ ማለት ይመስላቸዋል። ማን እንደዚያ ብሎ መቀበል ይፈልጋል? ምናልባትም ያለችው አላወቀችውም፤ አፏ ብቻውን ብሎት፣ ከፊቷ ተመልሶ ሲመጣ ከሌሎቹ ጋር አብራ «ሰማችሁ?» ብላ ተከትላው ይሆናል።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ዙሩ ላይ የነበራችሁ ሁላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ያን ሰዓት መልሳችሁ አስቡት። በጉሙ ውስጥ አፋችሁ የት ነበር? ከንፈራችሁ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ፣ የምታለቅሰውን ልታጽናኑ ብላችሁም እንደሆነ፣ በልማድም እንደሆነ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ማንም አልሞተም፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ብቻ ያላላችሁትን ለእሳቸው ደስታ ብላችሁ አልን አትበሉ፤ ፊታችሁን ሲያዩ ያውቃሉ፤ ያኔ ደግሞ ይብስባቸዋል። እርግጠኛ ያልሆናችሁም ካላችሁ እርግጠኛ አይደለሁም በሉ፤ እሱም ከዝምታ ይሻላል። ከገና በፊት ረገንስዶርፍ ኑ። ቀኑን እናንተ ምረጡ፤ እኔ ከጄኔቫ ተነሥቼ እመጣለሁ፣ በሩንም እኔ እከፍታለሁ። ግቡና ወንበር ስባችሁ ፊታቸው ተቀመጡ፤ ዓይናችሁን ሳትሰብሩ ስለዚያች አቤት የምታውቁትን ንገሯቸው።